ካልኩለስ ለምን ይጥለናል?

ለምህንድስና ትምህርት ከሚመዘገቡት ወገኖቻችን መካከል ጥቂት የማይባሉት የመጀመሪያውን ዓመት ሳያገባድዱ ትምህርታቸውን ይለውጣሉ ወይም ያቋርጣሉ። የብዙዎቹ መሰናክል ካልኩለስ ነው። በስደት አገር ፈተና መውደቅ መዘዙ ብዙ ነው፤ የነፃ ትምህርት ዕድሉ ይሰረዛል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የግለሰብ ገመና ተብሎ ሊሸፋፈን አይገባም።

በመካከላችን «ሒሳብ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ እገሌ ጭንቅላት አለው፣ እገሌ የለውም» የሚሉ አሉ። ይህ አመለካከት ከሥረ መሠረቱ የተሳሳተ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ገቢዎችን ስናስጠና ያየነው ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ቀመሩን በቃላቸው ይዘዋል፤ የተሰጣቸውን ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ ወዲያው ያወጣሉ። «ያገኛችሁት ነገር ምን ይናገራል?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። የዝምታው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አገር ቤት ሒሳብን በእንግሊዝኛ ሸመደድን እንጂ አልተከራከርንበትም። ሁለተኛ፣ እዚህ እያንዳንዱ በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ለብቻው ይታገላል፤ አለማወቁ እንዳይታወቅበትም ይደበቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሥሩ የተበሳ በርሜል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልንና «ውሃው የሚጎድለው በእኩል ፍጥነት ነው ወይ?» ብለን በአማርኛ ጠየቅን። ውሃ ቀድታ ያደገች አንዲት እህት «ሙሉ ሲሆን ይገፋል፤ ሲያልቅ ይንጠባጠባል» አለች። ክርክሩ ተጋጋለ። አንዱ ከፊዚክስ ትምህርቱ የከፍታ ኃይል ወደ ፍጥነት እንደሚለወጥ አስታወሰ። በመጨረሻ የጉድለቱ ፍጥነት ከውሃው ከፍታ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚመጣጠን ራሳቸው ደረሱበት። ይህ ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ዘመን ያገኘው ሕግ ነው። ስሌቱ ሲሠራ፣ በርሜሉ ባዶ እስኪሆን ከሚወስደው ጊዜ ገና ግማሹ ሲያልፍ ከውሃው ሦስት አራተኛው ፈስሶ ተገኘ። ያን ቀን ዴሪቬቲቭ ትርጉም ያለው ነገር ሆነ።

ዘዴው የኛ ፈጠራ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ዩሪ ትራይስማን 20 ጥቁር እና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ካልኩለስን እንዴት እንደሚያጠኑ ተከታተለ። ብዙ መምህራን የጥቁሮቹን ውድቀት በዝግጅትና በፍላጎት ማነስ ያመካኙ ነበር። እርሱ ያገኘው ግን ጥቁሮቹ ጠንክረው ለብቻቸው ሲያጠኑ፣ ቻይናውያኑ መጀመሪያ ለየብቻ ሠርተው ከዚያ ተሰብስበው እንደሚተራረሙ ነው። ትራይስማን የማካካሻ ትምህርት አልሰጠም፤ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በቡድን አሠራቸው፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምርም በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ሌክቸር ብቻ የሚሰሙ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው ተሳትፈው ከሚማሩት አንድ ተኩል እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል።

«ፈተናው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ አማርኛው ምን ይበጃል?» የሚሉ ጓዶች ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሐሳቡ በገዛ ቋንቋችን ከጠራ በኋላ፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት በፈተናው ቋንቋ መጻፍን እንለማመድባት።

እንግዲህ በየከተማው ያላችሁ ጓዶች በሳምንት አንድ ምሽት መድቡ። ጥያቄዎቹ ከባድ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ አስቀድሞ ለብቻው ይሞክር፤ ያልገባው አልገባኝም ለማለት አይፈር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።