ፈንዲሻ የመሰለው ሙጫ

ቡና ተፈልቶ ፈንዲሻ ሲቀርብ እናንተ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አላውቅም። እኔ ትዝ የሚሉኝ የሞቱብኝ ዛፎች ናቸው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

እዚህ ኮሎራዶ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ጥቂት ዓመት ቆይቼ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዕቁብ ሲደርሰኝ ቀብድ ከፈልንና ኢስተስ ፓርክ አጠገብ ተራራው ላይ ትንሽ መሬት ገዛን። ለልጆቻችን የምትሆን፣ እሁድ እሁድ ከወጥ ቤት ጭስ የምንገላገልባት ቦታ ነበረች። ስልሳ የሚሆኑ ፓይኖች ነበሩባት። ፓይን ስላችሁ ብዙዎቻችን በደፈናው ጥድ የምንለውን፣ ቅጠሉ መርፌ የሚመስለውን ዛፍ ማለቴ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ የደን ባለሙያ መጥቶ አየልኝ። «ዛፎችህ በጣም ተጠጋግተዋል። ቁልቁለቱ ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ ይበዛበታል፣ አፈሩም ስስ ነው። ውሃው ለሁሉም አይበቃም። ሲሶውን ቁረጥ» አለኝ። እኔ ደግሞ ያደግኩት ቆቦ ነው። እኛ ዘንድ ዛፍ ቁረጥ ብሎ ምክር የለም! አመስግኜ ሸኘሁትና አንድም ሳልነካ ተውኩት። ጎረቤቴ ግን የተባለውን አደረገ። ስንት ደህና ዛፍ ሲጥል አይቼ በሆዴ ታዘብኩት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በነሐሴ ወር አንድ እሁድ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ዛፉ ላይ ፈንዲሻ አለ!» ሄጄ ሳይ እውነትም ግንዱ ላይ ፈንዲሻ የመሰለ ሙጫ ተለጣጥፏል። ሳቅን፤ ፎቶም አነሳን። ዛፉ እየታገለ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥቁር ጢንዚዛ አለች። በክረምቱ ማብቂያ አካባቢ ሳይሆን በበጋው ሙቀት፣ በሐምሌና በነሐሴ ትበርና የፓይኑን ቅርፊት ትበሳለች። ዛፉ መሣሪያው ሙጫ ነው። በቂ ውሃ ያገኘ ዛፍ ሙጫውን አፍልቆ ጢንዚዛዋን ገፍቶ ያስወጣታል። የምናጨሰው ዕጣንም እኮ ዛፉ ሲቆስል የሚያወጣው ሙጫ ነው። የተጠማ ዛፍ ግን ሙጫው ያንሰዋል። የገባችው ጢንዚዛ ደግሞ ሽታ ረጭታ ሌሎቹን ትጠራለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለበጎ ነበር፤ እዚህ ግን ለክፉ ሠራ። ይዘውት የሚገቡት ፈንገስ የዛፉን የውሃ መንገድ ይዘጋል፣ እጮቹ ከቅርፊቱ ሥር ይበሉታል። ዛፎቹ ከተጠጋጉ ጥላው ስለሚበዛና ነፋሱ ስለማይገባ ሽታው ሳይበተን ይቆያል።

በሚቀጥለው በጋ ሠላሳ አንድ ዛፎቼ ቀልተው ደረቁ። ጎረቤቴ የሞቱበት ሦስት ብቻ ናቸው። ተራራው ያው፣ ጢንዚዛውም ያው ነው። የተለየው አቀማመጣቸው ነበር።

እርግጥ ጢንዚዛው ከመጠን በላይ ሲበዛ ጤነኛውንም ዛፍ ይጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በኮሎራዶ ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደን ነክቷል። የ2002ቱ ከባድ ድርቅ ዛፎቹን አዳከመ። ከዜሮ በታች 30 ፋራናይት ገደማ የሚደርስ፣ ለቀናት የሚቆይ ብርድ እጮቹን ይገድላቸው ነበር፤ ክረምቱ ሲለዝብ ግን ተረፉ። ብርዱንና ዝናቡን እኔ አላዝም። ማራራቁ ግን በእጄ ነበር።

አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር። ደውዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ሽልሻሎ ረሳህ እንዴ? ማሽላው ሲጠጋጋ በበሬ እየገባን የምናሳሳው ለጭካኔ ነበር?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ምግብ ቤቴ ውስጥ አንድ መሶብ ላይ ሃያ ሰው እንደማላስቀምጥ አውቃለሁ። ሁሉም ተርቦ ይነሳላ! ዛፍ ላይ ሲሆን ግን ይህ አልታየኝም።

ግቢያችሁ ውስጥ ፓይን ያላችሁ፣ ከእኔ ስህተት ተማሩ። ዛፎቹ ከተጠጋጉ ባለሙያ ጠርታችሁ አማክሩ። በድርቅ ጊዜ ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ እስከ ሥሩ ድረስ አጠጡ። ቤት ስትሠሩም ሆነ መኪና ስታቆሙ ሥሩን አትጉዱ። የመከላከያ መድኃኒት የሚረጨው ጢንዚዛው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ ዛፉን አያድንም። በጢንዚዛ የተመታ ዛፍ ማገዶ ከነቅርፊቱ ወደ ሌላ ሰፈር አትውሰዱ፤ ጢንዚዛውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ልጆች፣ ግንድ ላይ ፈንዲሻ የመሰለ ሙጫ ወይም ቅርፊቱ ሥር የእንጨት ዱቄት ካያችሁ ለቤተሰብ ተናገሩ። እንደ እኔ ሆነው ከሳቁባችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው።

የተረፉት ዛፎቼ አሁን ተራርቀው ቆመዋል። ያቺ ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። እዚያ በሄድን ቁጥር ግን መጀመሪያ የምታደርገው ግንድ ግንዱን መዞር ነው። «ፈንዲሻ የለም፣ አባዬ» ስትለኝ ነው ቡናው የሚጣደው።