ከቆርኪ የተሠራው መጋረጃ

«ሙዚየም ደግሞ ምን አለ?» ብላችሁ ገጹን ልትገለብጡት ከሆነ አንዴ ታገሡኝ። እኔም የሥዕል ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ሽሮና ጥብስ ነው፤ እዚሁ ኮሎምቢያ ሲቲ ምግብ ቤት አለኝ፣ አንዳንዶቻችሁም በመልክ ታውቁኛላችሁ። ግን ቤቴ ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል ነው የምማረው ትላለች። እናንተም ቤት እንዲህ የምትል ልጅ ካለች፣ ወይም ነገ ትመጣብኛለች ብላችሁ የምትሠጉ ከሆነ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በ2023 የፈረንጆች ገና ሰሞን እህቴን ልንጠይቅ ለንደን ሄደን ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ልጄ ገና ከሲያትል ሳንነሳ «አባዬ፣ ቴት ሞደርንን ሳናይ እንዳንመለስ» ብላ ቃል አስገብታኛለች። እህቴ ለንደን 20 ዓመት ስትኖር አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም። «ቤተ መንግሥቱን እንኳ ሳላሳያችሁ ፋብሪካ ልታዩ ትሄዳላችሁ?» አለችን።

ፋብሪካ ማለቷ እውነት ነው። ቴት ሞደርን በቴምዝ ወንዝ ዳር የነበረ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። በ1981 ሥራ አቆመ፣ በ2000 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ጭስ ማውጫው ዛሬም ቆሟል፤ 99 ሜትር ይረዝማል። ከወንዙ ማዶ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለ፣ በመካከላቸውም እግረኛ ብቻ የሚሄድበት ቀጭን ድልድይ። ይህ ድልድይ በ2000 ሲመረቅ ሰው ሲረግጠው ስለተወዛወዘ ወዲያው ተዘጋ፤ ተጠናክሮ እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። ይህን ለትንሹ ልጄ ስነግረው መሃል ላይ ቆሞ ይዘል ጀመር። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ቅር አለው።

መግቢያው ነጻ ነው። ለልዩ ትርኢቶች ይከፈላል እንጂ በሩን ገብቶ ዋናውን ስብስብ ለማየት ማንም ገንዘብ አይጠይቅህም። ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው።

ድሮ ማሽኖቹ የተተከሉበት አዳራሽ ቁመቱ 35 ሜትር ይሆናል። እዚያ ውስጥ ያኔ እንደ መርከብ ሸራ የተነፋ ትልቅ ቀይ ነገር ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ነበር። ከሩቅ ጥበብ ቀሚስ መሰለኝ። እየቀረብን ስንሄድ ትንሹ ልጄ ቀድሞ አየው፤ «አባዬ፣ ቆርኪ ነው!» አለ። በትክክል ለመናገር የአረቄ ጠርሙስ ክዳንና አንገቱ ላይ የሚጠመጠመው ቆርቆሮ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር፣ ተጨፍልቆ፣ ተቆራርጦ፣ በመዳብ ሽቦ አንዱ ካንዱ ጋር የተሰፋ። የሠራው ኤል አናትሱይ የሚባል ጋናዊ ነው። ከረዳቶቹ ጋር ለብዙ ዓመት የሠራው ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ በምትባል ከተማ ነው። ይህን ሁሉ ክዳን ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ሰው ስንት ቢሆን ነው? ደመወዛቸውስ? እኔ እንዲህ እያልኩ ሳሰላ ልጄ ዓይኗን አንከባለለችብኝ።

ከዚያ ግን አስረዳችኝ። ሸራው መርከብ ነው፣ መርከቡም አፍሪካውያንን በአትላንቲክ አሻግሮ የሸጠው ነው። ባሪያው ሸንኮራ አገዳ ያለማል፣ ከአገዳው ስኳርና አረቄ ይወጣል፣ አረቄው ደግሞ ተመልሶ አፍሪካ ይሸጣል። ሙዚየሙ ስሙን ያገኘበት ሄንሪ ቴት ራሱ የስኳር ነጋዴ ነበር። ቆርኪው እዚያ የተሰቀለው ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ትንሹ ግን የራሱን ጉዳይ ይዟል፤ «እኛ እኮ እነዚህን እንጥላለን» ይለኛል ደጋግሞ።

እኔና እኩዮቼ አንጥልም ነበር። በአዲስ አበባ ልጅነታችን የሽቦ መኪና ስንሠራ ጎማው ቆርኪ ነበር። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ ባዶ ጠርሙስና ጣሳ ይገዛል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለው ሁሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ኤልያስ ስሜን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከመርካቶ የሚገዛውን የኮምፒውተር ሽቦና የወላለቀ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠልፎና አጣብቆ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ያወጣል። ሥራዎቹ አሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ ይታያሉ። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። ክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ልጆቹን ውሰዱና አሳዩ፤ የሞል ጉብኝቱ ይቅር።

በቆርኪው ሥር ብዙ ስለቆየን ልጄ ዋናውን ሳታይ መሸባት። የፈለገችው የጁሊ ምሕረቱን ሥዕል ነበር፤ ሙዚየሙ ደግሞ ያኔ ከቀኑ 12 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ፊቷ ጠቆረ። መጻሕፍት መሸጫው ገብተን በስልኳ አሳየችን። ጁሊ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፣ በ1977 ቤተሰቧ ወደ ሚሺጋን መጣ፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቴት ያለው ሥዕሏ «ሞጋማ» የሚባለው የአራት ክፍል ሥራ ሦስተኛው ነው። ስሙ የተወሰደው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ካለው፣ የመንግሥት ቢሮ ከነበረው ሕንፃ ነው። ከላይ ሲያዩት የተንጫጨ ጭረት ነው። ከጭረቱ ሥር ግን የብዙ ከተማ አደባባዮች መስመር አለ፤ ከእነሱም አንዱ የመስቀል አደባባይ ደረጃ ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ «የት ጋ? እስቲ ስጪኝ» ብላ መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር።

ማታ እራት ላይ ግን መለሰችው። «ጋሼ፣ ደስ ይላል፤ ግን ከዚህ እንጀራ ይወጣል?» ልጄ ሰሃኗ ላይ አቀረቀረች። እኔ የአፈወርቅ ተክሌን ታሪክ አነሣሁ። በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር። እዚያው ለንደን ወደ ሥዕል ዞረ፣ ስሌድ የተባለውም ትምህርት ቤት ገባ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን ባለቀለም የመስታወት ሥራ የሠራው እሱ ነው። መሐንዲስ ሆኖ ቢመለስ ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

እህቴ ሞኝ አይደለችም። «እሱ ጃንሆይ ነበሩለት፤ ለእሷ ማን አላት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለእሷ ያለኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የኪራይና የጤፍ ዋጋ ያለብኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጥሎባችሁ «ልጆቻችሁን ዝም ብላችሁ ልቀቋቸው» አልላችሁም። እኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ሥዕሉን ትማራለች፣ ከጎኑ ደግሞ የኮምፒውተር ንድፍ ወይም መምህርነት ትይዛለች፤ ትልቅ ብድር ግን የለም። እናቷ አሁንም ነርስነቱን አልረሳችም። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይነሣል።

እስከዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ባልዲ አለ። አስተናጋጆቹ የቢራ ቆርኪ እዚያ ይጥላሉ፣ ልጄ ማታ ማታ አጥባ አድርቃ ትወስዳለች። የጤና ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው።

ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ፈርስት ሂል ያለው ፍራይ ሙዚየም በ1952 የተከፈተ ሲሆን መግቢያው ሁልጊዜ ነጻ ነው። ባሕሩ ዳር ያለው ኦሊምፒክ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻም እንዲሁ። መሃል ከተማ ያለው የሲያትል አርት ሙዚየም የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ አያስከፍልም። ከኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ በባቡር ሲምፎኒ ስትወርዱ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ የባቡር አይከፍልም። እኔ በሚመጣው የመጀመሪያ ሐሙስ ምግብ ቤቱን ለወንድሜ ትቼ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር እሄዳለሁ። ጣቢያው ላይ ካያችሁን አብረን እንሂድ፤ ትንሹ ወሬ ይወዳል።