የእናቴ አተርና ሰማያዊዋ ቢራቢሮ

ጉርድ ሾላ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ የታክሲ ወረፋው ይሆናል። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ እናቴ በየክረምቱ ጓሯችን የምትዘራው አንድ መደብ አተር ነው።

አምና መስከረም ላይ ለነፍሳት ጥናት ኮርስ፣ ከየሰፈራችን አንድ ቢራቢሮ ለይተን እንድንመጣ ታዘዝን። አተሩ አበባ ላይ አንዲት ሰማያዊ አገኘሁ፤ ክንፏን ስታጥፍ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። ጅራት ስላልነበራት ደብተሬ ላይ «ዚዜሪያ ክኒስና» ብዬ ጻፍኩና ተገላገልኩ።

መምህራችን ግን «ከክንፏ ሥር ምን አየህ?» አሉኝ። ምን ልበል? ዝም።

በማግስቱ ተንበርክኬ አየኋት። ከሥር ቡናማ ሞገድ የመሰሉ መስመሮች፣ ወደ ጠርዙ ደግሞ ሰፋ ያለ ነጭ መቀነት አላት። ለካ ላምፒደስ ቦኢቲከስ ናት! ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ስም ያወጣላት፣ ከአፍሪካ እስከ አውስትራሊያ የምትገኝ ቢራቢሮ። ጅራቷስ የት ሄደ? የኋላ ክንፏ ጫፍ ላይ ዓይን የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦችና ቀጫጭን ጅራቶች አሉ፤ ስታርፍ ታነቃንቃቸዋለች። ወፍ ጭንቅላት መስሎት ያንን ሲነክስ፣ እሷ ጅራቷን ጥላ ታመልጣለች። የእኔዋም ከሞት ያመለጠች ሳትሆን አትቀርም።

ደስ ብሎኝ ለእናቴ ልነግራት ስሮጥ፣ እሸት እየፈለፈለች በጥፍሯ አረንጓዴ ትል ስትጨፈልቅ ደረስኩ።

«ይኸው ጠላቴ! ዘንድሮም ፈጀብኝ። መድኃኒት ግዛልኝ እንጂ» አለችኝ።

አንዱን ትል ለምኜ ከነእሸቱ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከሳምንታት በኋላ ከሙሽሬው የወጣችው ያችው ሰማያዊዋ ናት። እንቁላሏን እምቡጥና አበባ ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይበላል። ጉንዳኖች እንኳ ከጀርባው የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሱ ይጠብቁታል።

ጠርሙሱን ለእናቴ አሳየኋት። ብዙ አየችው።

«እሷም ልጇን ልታበላ ነው፤ እኔም ልጆቼን» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስሟን ማወቄ ኮርሱን አሳለፈኝ። ልማዷን ማወቄ ግን ሥራ አመጣብኝ፤ መድኃኒቱን ሳልገዛ ቀረሁና፣ በየጠዋቱ የተበሳውን እሸት በእጄ መልቀም ያዝኩ። እናቴም በየምሽቱ የጎደለውን ትቆጥርልኝ ነበር።