ቀስ በቀስ የሚተነፍስ ጎማ

ጎማ በአንዴ ሲተነፍስ ሾፌሩ ወዲያው ይቆማል። እኔን የሚያስፈራኝ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አየር የሚያመልጠው ነው። ጎሚስታ ቤት ጎራ ብሎ «ትንሽ ነፋ አድርግልኝ» ማለት ለምደናል። ይነፋልናል፤ ቀዳዳው ግን እዚያው ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በአዳማው ፈጣን መንገድ ሲበሩበት ሊፈነዳ ይችላል።

የማከብራቸው ጎሚስታዎች አይቸኩሉም። ጎማውን ፈተው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ወይም የሳሙና አረፋ ይቀቡታል። ከቫልቩ አፍ አረፋ ከተነሳ ነገሩ ቀላል ነው፤ የውስጧ ስፒል ትጠብቃለች ወይም ትቀየራለች። ከቸርኬው ጠርዝ ከሆነ ዝገቱ ይፋቃል። ምስማር ከሆነስ?

«ጋሼ፣ ከውጭ ልድፈነው ወይስ ጎማውን ላውልቀው?» ይላል ጎሚስታው ልጅ።

«አውልቀው የኔ ልጅ፤ ውስጡን እየው።»

ከቸርኬው ካልወጣ የውስጡ ጉዳት አይታይማ! ደህናው ጥገና ቀዳዳውን ደፍኖ ከውስጥም የሚለጥፍ ነው። ጎኑ የተበሳ ጎማ ግን አይለጠፍም፣ ይቀየራል። ልጁ ይህን ደፍሮ ሲነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ለጥፎ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበርና። የአየሩ ልክ በአብዛኞቹ መኪኖች የሾፌሩ በር አጠገብ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።