ሦስት ቀን መቁጠር

በቀደም በውስጥ መስመር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ባዮሎጂ ሲያስተምሩን አንዳንድ በሽታ ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል ብለውን ነበር። እኔስ ውስጥ ተቀምጦ ይሆን?» አለችኝ። ከዚያ ለዓመታት ለእናቷ እንኳን ያልነገረችውን ነገረችኝ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ስሟንም፣ ቀበሌዋንም፣ መቼ እንደሆነም አልናገርም። ኮሜንት ላይ እገሊት ናት ብላችሁ እንዳትገምቱ አደራ።

የእሷ ብቻ አይደለማ! ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ጋይንት ላይ የሆነውን እናውቃለን። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ቡሄም፣ ከተማችን በስሙ የምትጠራበት የደብረ ታቦር በዓል፣ እዚያው መሀል ዋለ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መኸር ላይ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ሪፖርት አወጣ፤ 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል። የከተማው ሆስፒታልና ጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተጎድተው ስለነበር ተገቢውን ሕክምና በጊዜው አላገኙም። በትግራይም በአፋርም እህቶቻችን ይህንኑ አይተዋል። ጦርነት በሌለበትም፣ ውኃ ስትቀዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተደፈረች ልጅ አለች።

ተማሪዬን ያሰቃያት ድርጊቱ ብቻ አይደለም፣ ሳታውቅ የኖረችው ነገር ጭምር ነው። አንድ ጊዜ ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ራሴን አሞኝ» ብላ ወጣች። በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የመጣ የትዳር ጥያቄ ሁሉ በሰበብ ተመለሰ። ቤተሰብ «ኮራች» ይላል። እሷ ግን ሰው እንዳልበክል ብላ ነው።

የመለስኩላትን ለእናንተም ልድገመው።

አንደኛ፣ መደፈር ማለት ኤች አይ ቪ ይዞኛል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አይያዙም። ጉዳት ሲኖርና ደፋሪው ከአንድ በላይ ሲሆን ግን አደጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ በግምት አይኖርም፣ ይመረመሯል። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የሚሰጥ የደም ምርመራ መልሱ አስተማማኝ ነው። ለእሷ ዛሬ አንድ ቀን ምርመራ የዓመታትን ጥያቄ ይዘጋዋል። ቢገኝ እንኳን መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ትዳርም ይመሠርታል፣ ጤነኛ ልጅም ይወልዳል።

ሁለተኛ፣ ሌሎቹን አትርሱ። ጨብጥና ክላሚዲያ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የላቸውም፤ ሳይታከሙ ከቆዩ ግን መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። ቂጥኝም ቁስሉ ይጠፋና የዳነ ይመስላል፣ አልዳነም። ሦስቱም በመድኃኒት ይድናሉ። ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ገና አሁን የደረሰባት ካለች ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የእርግዝና መከላከያው፣ ፖስት ፒል የምንለው፣ እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ እሱም ቶሎ ሲሆን ነው የሚበጀው። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፣ ማስረጃ ነው። ክሱ በኋላ ይደርሳል፤ ሕክምናው ይቅደም። ካረገዘችም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የእሷ ቃል ይበቃል።

72 ሰዓት ሦስት ቀን ነው። ከስማዳ ቆላ ወይም ከጉና ጀርባ ተነስቶ በእግር አስፋልት እስኪደረስ፣ መኪና እስኪገኝ፣ መንገድ ተዘግቶ እስኪከፈት ሦስት ቀን ምን አላት! በዚያ ላይ ሽማግሌ ይላካል። «ነገሩ በቤታችን ይለቅ፣ የልጅቷ ስም ይጠፋል» ይባላል። አባቶቼ፣ ሽምግልናችሁን አከብራለሁ፣ ግን ልጅቷ ሳትታከም ለዕርቅ አትቀመጡ። ዕርቁ ይጠብቃል፣ ቫይረሱ አይጠብቅም። ጠበል ይዛችኋት የምትሄዱም ሂዱ፤ መድኃኒቷንም ይዛ ትሂድ፣ አይጣሉም።

እኛ እኮ ቀን መቁጠር የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለሞተ ሰው ሰልስት እንቆጥራለን፣ አርባ እንቆጥራለን፣ ሰማንያ እንቆጥራለን። በሕይወት ላለች ልጅ ሦስት ቀን መቁጠር እንዴት ያቅተናል?

ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ነርስና ጤና መኮንን የሆናችሁ አላችሁ። ካርድ ክፍሉንም አስተምሩልኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚባለው በር ተዘግቶ ነው። ሴት ባለሙያ ከፈለገች ይፈለግላት። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ 72 ሰዓት የሚለውን ቁጥር ለሴቱም ለወንዱም ንገሩ፤ እህት የሌለው የለም።

አንቺም ይህን ደብቀሽ የምታነቢ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሦስት ቀን ካላለፈሽ አሁኑኑ ተነሺ። ካለፈሽም፣ ዓመታት ቢሆንም፣ ተመርመሪ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የምታምኚው አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ሼር አድርጉት፤ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም።