ይገባል እንጂ አይግባባም

«የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር የውስጥ ዕቃ ምን አገባው?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲተይብ ኮምፒዩተሩ በየገጹ ስታክ የሚያደርግበት ሰው፥ ፋኩልቲው የትም ይሁን የት፥ ነገሩ ይመለከተዋል። የብዙዎቻችን ኮምፒዩተር ያገለገለ፥ መለዋወጫውም ያገለገለ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

በአንድ ክፍል የምናድር ሦስት ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር በጋራ አለን። ማዘርቦርዱ ኤች110 የተባለ ቺፕሴት ያለበት ነው፤ ፕሮሰሰሩም ሁለት ኮር ብቻ ያለው ኮር አይ3-6100 ነበር። ከምሳና ከታክሲ ቆጥበን ያዋጣነውን ገንዘብ ይዘን የተሻለ ፕሮሰሰር ፍለጋ መርካቶ ወረድን። አንድ ነጋዴ ስድስት ኮር ያለውን ኮር አይ5-8400 አውጥቶ አሳየን።

«የእናንተ ሶኬት ስንት ነው?»

«1151።»

«የዚህም 1151 ነው። ግጥም ይላል!»

ጓደኞቼ ደስ ብሏቸው ገንዘቡን መቁጠር ጀመሩ። እኔ ግን የማዘርቦርዱ ፋብሪካ «እቀበላቸዋለሁ» ያላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር በዋዜማው አንብቤ ነበርና፥ ያ ስም በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ነገርኋቸው። ክርክር ተነሣ።

ነጋዴው አልዋሸም። ፕሮሰሰሩ በሶኬቱ ላይ በእርግጥ ይቀመጣል። ነገር ግን 1151 የመገናኛ ነጥቦች ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ባወጣው ሰባተኛ ትውልድ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች ኃይል የሚያቀብሉት ነጥቦች 128 ነበሩ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ገደማ በወጣው ስምንተኛ ትውልድ ግን 146 ሆኑ፤ ኮሮቹ ሲበዙ የኃይሉም ፍላጎት በዝቷልና። ስለዚህ ስምንተኛው ትውልድ ስማቸው ከ300 የሚጀምር ቺፕሴቶች ያሉበትን ማዘርቦርድ ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ካላወቀው፥ መኪናው ሥራ አይጀምርም።

ይህ ነገር ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። አማርኛና ትግርኛ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው የትግርኛ ጋዜጣ ቢሰጡት ፊደሉን እየለየ ይወርድበት ይሆናል፤ ምን እንዳነበበ ቢጠይቁት ግን መልስ የለውም። ፊደሉ አንድ መሆኑ ብቻውን አያግባባም። የ1151ዱም ነገር እንደዚሁ ነው።

«ታዲያ ለውጡ ሁሉ የግድ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባዮሱን ቀይረው፥ አንዳንድ ነጥቦችንም ሸፍነው፥ ስምንተኛውን ትውልድ በቀድሞው ማዘርቦርድ ያስነሡ የሙያው አፍቃሪዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ኤኤምዲ ደግሞ በ2020 የወጡት ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች በ2017 በወጡ ማዘርቦርዶች ላይ እንዲሠሩ በ2022 ፈቅዷል፤ ለዚያም ያስፈለገው የባዮስ ለውጥ ነበር። እንግዲህ አሮጌውን ዕቃ ለረጅም ጊዜ ማሠራት የሚቻልበት መንገድ አለ ማለት ነው። የሚቆረጠው ግን በፋብሪካው እንጂ በእኛ አይደለም።

አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋስትናውን አብሮ ይገዛል። ያገለገለ የሚገዛ ተማሪ ግን ዋስትናው የገዛ ዕውቀቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ! ስለዚህ መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ስም ከራሱ ከቦርዱ ላይ አንብቡ። ቀጥሎ የፋብሪካውን ዝርዝር ፈልጉ፤ በዝርዝሩ ከፕሮሰሰሩ ስም አጠገብ የሚያስፈልገው የባዮስ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የፕሮሰሰሩ ስም በብረት ክዳኑ ላይ ተቀርጿል፤ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከክዳኑ አንብቡት። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ኤፍ የተባለው የላቲን ፊደል ካለ፥ ፕሮሰሰሩ ምስል ለብቻው ወደ ስክሪን አያወጣምና ሌላ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ማዘርቦርድ የምትገዙ ከሆነም፥ በ1151 ዓይነት ቀጫጭኖቹ ፒኖች ያሉት በሶኬቱ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የተጣመመ እንዳለ በስልክ መብራት ተመልከቱ።

የእኛ ክርክር ያበቃው አራት ኮር ያለውን፥ በዝርዝሩም ውስጥ የሚገኘውን ኮር አይ5-6500 በመግዛት ነው። ከጓደኞቼ አንዱ «ከአራት ስድስት ይበልጥ ነበር» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም፤ ይህን የሚለው ግን በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉን እየተየበ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ኀሳብ አቀርባለሁ። በቢሮው አንድ ደብተር ይቀመጥ። ማንኛውም ተማሪ ሞክሮ ያየውን ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር፥ የባዮሱንም ቁጥር ጨምሮ ይጻፍበት፤ የሠራውም ያልሠራውም ይመዝገብ። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እኔ እጽፋለሁ።