ከባዱ ምላጭ

አደን ሐላል ነው፤ አዳብ ግን አለው። ስናርድ ቢላው ስል እንዲሆን፣ እንስሳውም እንዳይሠቃይ ታዘናል። ለአዳኝ የቢላውን ስለት ያህል የሚያሳስበው የጠብመንጃው ምላጭ ነው ብንል አላጋነንም።

እኛ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ነን። በኖቬምበር መጀመሪያ የአጋዘን ወቅት ሲከፈት ፈቃድ አውጥተን፣ ቢስሚላህ ብለን ለክረምቱ ሥጋ እናድናለን። አዲስ የገዛነው ጠብመንጃ (የፋብሪካው ስም ይቆየን) በርሜሉ ሸጋ፣ ምላጩ ግን መከራ ሆነብን። በዓሣ መመዘኛ ሚዛን ስንስበው 7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ በላይ ፈለገ። ጠብመንጃው ራሱ የሚመዝነው ያንኑ ያህል ነው! በዚህ ላይ ምላጩ እየተንቀራፈፈ፣ እየተንገጫገጨ ነበር የሚመጣው፤ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። እንዲህ የሚታገል ጣት አፈሙዙን ያዛንፋል፤ ሳንባው ላይ የታለመው ጥይት ሆድ ይመታል። ሆዱን የተመታ አጋዘን ደግሞ ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይሠቃያል።

ለመሆኑ ፋብሪካዎች ምላጭን ለምን ያከብዱታል? አንዱ ምክንያት የክስ ፍርሃት ነው። የሬሚንግተን 700 ጠብመንጃ ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተከሷል፤ ኩባንያው ግን አላመነም። በ2000 እ.ኤ.አ. በሞንታና አንዲት እናት ጥይት ለማውጣት መቆለፊያውን ስትከፍት ተተኩሶ የ9 ዓመት ልጇ ሞተ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው በአዲሱ ምላጩ ውስጥ በፋብሪካ በዝቶ የተቀባ ማጣበቂያ ስለተገኘ ጠብመንጃዎቹን መልሶ ጠራ። ሳቬጅ በበኩሉ በ2002 መጨረሻ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው፣ ቀለል ያለ ምላጭ አቀረበ። ቀላልና አስተማማኝ ምላጭ በፋብሪካም ሊሠራ እንደሚችል ይህ አሳየ።

ወደ እኛው ጉዳይ እንመለስ። ከመካከላችን አንዱ «በመሳያ ድንጋይ እናልሰልሰው» አለ። ኧረ አይሆንም! ምላጩን ይዞ የሚያቆመው ጥርስ ብዙውን ጊዜ የጠነከረው በላዩ ብቻ ነው፤ ያ ስስ ሽፋን ከተፋቀ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በቶሎ ያልቃል፤ ጥርሱም አንድ ቀን ሳይጠሩት ይለቃል። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠርም ከዚህ አይሻልም። እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ማጽዳት ነው፤ የፋብሪካው ቅባት ረግቶ ነበርና። መንገጫገጩ ቀነሰ፣ ክብደቱ ግን አልተነካም። በመሆኑም ለዚሁ ሞዴል የተሠራ ሙሉ ምላጭ ገዝተን ለጠብመንጃ ሠሪ ሰጠን። ከ3 ፓውንድ እንዳያወርደው ነገርነው። ዒላማ ተኳሾች ከዚያም በታች ይወርዳሉ፤ የኖቬምበር ብርድ ያደነዘዘው፣ ጓንት ያጠለቀ ጣት ግን በጣም የቀለለ ምላጭ አይታመንበትም።

ስንረከብ ወዲያው አልተኮስንም። ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አየን። ከዚያም መቀርቀሪያውን በኃይል ደጋግመን ዘጋን፤ ሰደፉን ጎማ ምንጣፍ ላይ መታን፤ መቆለፊያውን ዘግተን ምላጩን ጠበቅ አድርገን ሳብን፣ ጣታችንን አንስተንም መቆለፊያውን ከፈትን። አንድም ጊዜ አልለቀቀም። ጥይት ያጎረስነው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ተኩስ ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹም ከኋላችን ቆመው ያዩ ነበር።